የዘበኛዋ ጠረጴዛ

የሰፈሩ ሰው «ዘበኛዋ» ይላታል። ዘበኛ ሆና ግን አታውቅም፤ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ አሁን ደግሞ የእንጨት ዕቃ ትቀባለች። ስሙ የወጣላት ባሏ መጠጥ ካቆመ ወዲህ ነው። ሱቅ ሲሄድ በዓይኗ ትሸኘዋለች፣ ሲመለስ ደግሞ እቅፍ አድርጋ እየሳመች ትንፋሹን ታሸታለች። ባልየውም ሞኝ አይደለም። «ስትጨርሺ ንገሪኝ፣ አየር ልሳብ» ይላታል። ይሳሳቃሉ። በማግስቱም ታሸተዋለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አይፈረድባትም።

ባሏ የተመሰከረለት ቀለም ቀቢ ነበር። አናጺዎች ጎማላካ የሚሉትን ቀለም በአልኮል ያሟሟና በጨርቅ በተጠቀለለ ጥጥ ጠረጴዛውን ሲያሸው፣ እንጨቱ መስተዋት ይመስላል። መዘዙም ያው አልኮል ነው። በክፉው ዘመን ኪሱ ባዶ ሲሆን ከሥራው ጠርሙስ ይጎነጭ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ያኔ ያልተናገረው ሰው አልነበረም። ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ሐኪሙ «ከዚያ ጠርሙስ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንዳትገኝ» አለው። ሰውየው ደግሞ ከእንጨት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

የወርክሾፑ ጌታ፣ ሽማግሌው አናጺ፣ ሌላ ቀቢ ሊቀጥር ሲል ሚስቲቱ ስፌቷን ትታ መጣች።

«ጋሼ፣ እኔ እቀባለሁ። እሱ ደጅ ሆኖ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ በመስኮት ያስተምረኛል።»

«በመስኮት?»

«በመስኮት።»

«በስተርጅና የማያሳዩኝ የለም» አለ ሽማግሌው። ግን እሺ አለ።

ስድስት ወር እንዲህ ሠሩ። እሱ ከመስኮቱ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር፣ እሷ ውስጥ። «ቀለሙን አበዛሽው! ክንድሽን ፍቺው እንጂ፣ ሊጥ መሰለሽ እንዴ?» ይላታል። ሥራ ስትጨርስ የሥራ ልብሷን እዚያው ትታ፣ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ፈትጋ ነው ወደ እሱ የምትጠጋው። ያስተማራት ዋና ሕግ አንድ ነው፦ ጎማላካ መሃል ላይ አይቆምም። ከጫፍ ተነስተሽ ጫፍ ሳትደርሺ ካቆምሽ፣ የቆምሽበት ቦታ ላይ መስመር ይወጣል፤ ደጋግመሽ ብትቀቢውም አይጠፋም። «ቤት እንኳ ቢቃጠል ጨርሰሽ ውጪ» ይላት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በማግስቱ የሚወሰድ ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ እየቀባች ቀና ስትል መስኮቱ ባዶ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱ ወንበሩ ላይ አለ፣ ሰውየው የለም። ጠራችው። ደግማ ጠራችው። ክው አለች። ጨርቁን ወርውራ ወጣች፤ ጠረጴዛው ገና ግማሹ ነበር።

እጇ በቀለም ተለውሶ፣ ልብሷ አልኮል አልኮል እየሸተተ ሦስት መጠጥ ቤት በየተራ አሰሰች። ሦስተኛው ቤት አሳላፊዋ ጠጋ ብላ አሸተተቻትና «እሱን እንኳ አላየሁትም፤ አንቺ ግን ይብቃሽ እህቴ፣ ቤትሽ ግቢ» አለቻት።

ስትመለስ ባሏ ደጅ ቆሞ በመስኮት ጠረጴዛውን ያያል።

«የት ነበርክ?»

«ማኅበር።» መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ነው።

«ዛሬ ቀንህ አይደለም!»

«ዛሬ መጠጥ አማረኝ። በጣም አማረኝ። ስለዚህ ሄድኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እጄን ይዘሽ ትወስጂኛለሽ። በራሴ እግር መሄድ ነበረብኝ።»

ደስታና ንዴት አንድ ላይ መጡባትና አለቀሰች። ጠረጴዛው መሃል ለመሃል እንደ ጠባሳ የሚታይ መስመር አውጥቷል።

«ጋሼ ይገድለኛል» አለች።

«እስከ እንጨቱ ይፋቅና እንደገና ይጀመራል። ከእኔ አይብስም።» ከዚያ ቀልዱን ተወ። «ስሚኝ። የምወድቅበት ቀን ከመጣ ሩጫሽ አይደርስብኝም። እስከ ዛሬ ያልጠጣሁትም ስላሸተትሽኝ አይደለም።»

«እና እኔ ምን ልሁን? እንጨት ነኝ?»

«ሚስቴ ሁኚ። ዘበኛ አልቀጠርኩም።»

ነገሩ አመማት፤ እውነት ስለሆነ ነው ያመማት። ጠረጴዛው ሦስት ቀን ዘገየ፣ ሽማግሌው ሦስቱንም ቀን አጉረመረመ። እሷ ግን ቆርጣ ተነሳች። ማሽተቱን ተወች። መጀመሪያ ሰሞን አፍንጫዋን ስላላመነችው ግንባሩን ብቻ ትስመው ነበር። ዓመት ሙሉ ያልረገጠችው የእህቷ ቤት ሄዳ እሁድን ስትስቅ ዋለች፤ «ሰውየውን ማን ይጠብቀዋል?» ስትባል «ራሱ» አለች። አፏ እንዳለው ልቧ አላለም፤ ቢሆንም በሳምንቱም ሄደች።

ከወር በኋላ የቁም ሳጥን በር እየቀባች ቀና አለች። መስኮቱ ባዶ ነው።

እግሯ ወደ መውጫው ዞረ። ጨርቁ እንጨቱ ላይ ነበር፣ ገና መሃሉ ላይ። «ወደ ጫፍ» አለች ጥርሷን ነክሳ፣ ጮክ ብላ፣ እግሯን እንደምትቆጣው። ገፋች። ጫፍ ደረሰች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ገፋች። እንባዋ በሩ ላይ እንዳይወርድ በትከሻዋ እየጠረገች ጨረሰችው። ከዚያ ልብሷን ቀየረች፣ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ወጥታ የእሱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጀምሮ የተወው የወንበር እግር ነበር፤ ብርጭቆ ወረቀቱን አንስታ ታለሰልሰው ጀመር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ። መጀመሪያ ያየው በመስኮት በሩን ነው። ከላይ እስከ ታች አየው፤ መስመር የለበትም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወደ እሷ ዞረና ፊቱን አስጠጋላት።

«አታሸቺኝም?»

«ሥራ አለብኝ» አለችና ብርጭቆ ወረቀቱን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «አንተም አለብህ። ሌሎቹ ሦስት እግሮች ይጠብቁሃል።»