በስልክ የተወሰደብኝ የወንፈል ቀን

ያን ዓመት ኅዳር ላይ፣ እንጅባራ ዳር ባለችው ማሳዬ ጤፉ ደርሶ ነበር። ጉልበቴ ስለከዳኝ በወንፈሉ የቤታችንን ተራ የሚቆመው የመጨረሻው ልጄ ነው። ወንፈል እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ዛሬ ለጎረቤት ካጨድህ ነገ ይታጨድልሃል፤ ዛሬ ከቀረህ ጤፍህ ማሳ ላይ ይረግፋል። የዚያን ቀን ተራው ባሏ የሞተባት የጎረቤታችን ነበር፤ በማግስቱ የኛ።

ልጁ ከተማ ሥራ አጥቶ የተመለሰ፣ ጢም ያበቀለ ጎልማሳ ነው። በጠዋቱ ገመድ ጆሮው ላይ ሰክቶ በስልኩ ሲታኮስ አገኘሁት። ተነስ አልሁት። አራት ሆነው እንደሚጫወቱ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንደሚያነሣው፣ እሱ ከወጣ ሦስቱ እንደሚያልቁ ነገረኝና ይህቺን ልጨርስ አለ። እሺ ብዬ ደጅ ጠበቅሁ። ያቺ አለቀች፤ ሌላ ጀመረ።

እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። መልካቸውን እንኳ ለማያውቃቸው ሰዎች ታማኝ ሆኖ፣ አብረውት ያደጉትን ማሳ ላይ ያስጠብቃል! ገመዱን ከጆሮው ነቅዬ ጆሮዬ ውስጥ ከተትሁትና የማን ልጆች ናችሁ አልኋቸው። አንዱ ከዳንግላ ነኝ አለኝ፣ ሳቁን እያፈነ።

«አባ፣ ትንሽ ይታገሡን፤ እሱ ከሌለ እንሸነፋለን።»

«የወሰዳችሁብኝ የወንፈል ቀን ነው» አልሁ። «ነገ ማጭድ ይዛችሁ መጥታችሁ ትመልሳላችሁ።»

ሦስቱም ሳቁ። እኔ የምሬን ነበር፤ የሰው ጉልበት የወሰደ ጉልበት ይመልሳል፣ ሌላ ሕግ አላውቅም።

ማጭዱን አንሥቼ ራሴ ሄድሁ። ወንፈሉን የሚመራው ጎረቤቴ ሲያየኝ ሊቀበለኝ መጣ።

«እርስዎ ዛፉ ሥር ይረፉ፤ ቀኑን ለቤትዎ እንይዝልዎታለን።»

ከደግነቱ ነው፤ እኔን ግን ይባስ አናደደኝ። ሳያጭድ የሚታጨድለት ቤት በሰው ምሕረት የሚኖር ቤት ነው። ተርታው ውስጥ ገብቼ ጎንበስ አልሁ። ግራና ቀኝ ያሉት፣ የማላይ መስሏቸው፣ ከድርሻዬ ያጭዱልኝ ጀመር። ጥርሴን ነክሼ ማጨዴን ቀጠልሁ።

ረፋዱ ላይ ልጄ ባዶ እጁን መጣ። ማጭዱን ይስጡኝና ይረፉ አለኝ።

«ይህ የኔ ቦታ ነው» አልሁት። «ማጭድ ፈልግና ከዳር ግባ።»

ሰው እያየው ከባለማሳዋ ተውሶ ዳር ቆመ። እስኪመሽም ከኛ ጋር አጨደ። በማግስቱ ወንፈሉ አንድ ሰው ሳይጎድልበት እኛ ማሳ ላይ ወጣ። ንዴቴ ግን ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ድረስ አልበረደም።