ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ሰኞ ጠዋት... ማንም ሳይሞት አንድ ዶርም ሙሉ ሴት ልጅ አስለቀስኩ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም፤ ረጋ ብዬ እንድጽፍ አትጠብቁ።

ለማታውቁኝ፦ አዳማ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሴቶች ዶርም የተመደብኩ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ሐሳቡ ቆንጆ ነበር። ተማሪዋ ጨንቋት ቢሮ ፍለጋ ግቢውን ከምትዞር፣ አማካሪዋ እዚያው በምታድርበት ሕንፃ ትሁን ተባለ። የተሰበረ አልጋ ይከማችበት የነበረ ክፍል ተጠርጎ ተሰጠኝ። መጋረጃውን በገዛ እጄ ሰቀልኩ።

ብዙም ሳልቆይ ከተማሪዎች ዲን ተደወለልኝ። የአንዲት ተማሪ አባት አርፈዋል፤ ልጅቷ አልሰማችም።

«አንቺ ባለሙያ አይደለሽ? በዘዴ ንገሪያት» አሉኝ።

ነገርኳት። ከዚያ ሌላ መጣ... ከዚያ ሌላ። መርዶ እኮ የዘመድ ሥራ ነው! በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ሆኖ የሚነገር ነገር ነው። ግቢው ግን ደመወዝተኛ መርዶ ነጋሪ አገኘና ተገላገለ።

ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ተማሪዎቹ ክፍሌን «መርዶ ቤት» አሏት። በደጃፌ ሲያልፉ እግራቸው ይፈጥናል። አንዷን «ደህና አደርሽ የኔ ቆንጆ?» ስላት ፊቷ አመድ ይሆናል። ጭንቀቷን ልታወራኝ የምትመጣማ የለችም።

እሑድ ግን አንዲት የቡልቡላ ልጅ ደፍራ መጣች። ፋጡማ እንበላት፤ ስሞቹን ቀይሬያለሁ። ሳትገባ በሩ ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ ዶርማችን ያለችው ቤዛ... ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እንቅልፍ ግን አይደለም። ካፌ መሄድ ትታለች። ያመጣሁላትን ዳቦ ትራሷ ሥር አገኘሁት... ደርቆ።»

«ሌሎቹ ምን ይላሉ?»

«ሰነፈች ይላሉ። ኩራት ነው የሚሉም አሉ።»

ሰኞ ክፍል ሳይገቡ ልድረስባት ብዬ በማለዳ ወጣሁ። ያለ ሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ያለ ፕሮክተሯ፣ ፎቅ መውጣት ስለማይፈቀድ ፕሮክተሯን እትዬ ዘነቡን ይዤ ነው የሄድኩት። እሳቸው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስለመጡ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው። አስቡት እንግዲህ... በጠዋት፣ የ«መርዶ ቤት» ሴትዮ፣ ከጎኗ ነጠላ የለበሱ እናት!

አንኳኳሁ። ተከፈተ።

«ቤዛን ፈልጌ ነበር» አልኩ።

አለቀ። ከላይኛው አልጋ አንዷ ወረደች ልበል ወደቀች... «ወይኔ እናቷ!» ብላ ጮኸች። ፋጡማ ደንግጣ «ማል ታኤ? ማል ታኤ?» እያለች ልብሴን ያዘች፣ ምን ተፈጠረ ማለቷ ነው። ቤዛ ተነስታ ቁጭ አለች። እኔን አየችኝ፣ እትዬ ዘነቡን አየቻቸው... «እማዬ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

«ማንም አልሞተም! እመኑኝ!» እላለሁ። ማን ይስማኝ? መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ አይደል? ከጎረቤት ዶርም ጎረፉ። የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ እንዳለ የመጣች አለች። እትዬ ዘነቡ ጭራሽ የደበቅኳቸው መስሏቸው «ለኔ እንኳ ሳትነግሪኝ!» እያሉ ያለቅሳሉ። የዶርሙ ልጆች ደግሞ ያቺኑ ሰነፍ ያሏትን ቤዛን አቅፈው፣ ፀጉሯን እያሻሹ፣ ውሃ ያጠጧታል።

ለእናትየው ተደወለ። አያነሱም። ባቱ ሐይቁ ዳር ዓሣ ነው የሚሸጡት፤ በዚያ ሰዓት እጃቸው ሥራ ላይ ነው። አለማንሳታቸው ለቅሶውን አባሰው። እንደገና ተደወለ... እንደገና... በመጨረሻ ድምፃቸው መጣ።

«ምነው በጠዋቱ? ማን ሞተ?»

ዶርሙ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ ክፍል እንዳይረፍድባቸው ቦርሳቸውን እያነሱ ወጡ፤ እትዬ ዘነቡም እያማተቡ ወረዱ። ያ ሁሉ ሰው በአንዴ ጠፋ። ቤዛ ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አልጋዋ ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ ስልኬ ጠራ። ዲኑ ናቸው።

«ብሎኩን አስለቀስሽው አሉ! ለማንኛውም ቶሎ ነይ፣ እዚህ የአንዷ ልጅ ወንድም አርፏል፣ አንቺ...»

«አልነግራትም።»

«እንዴት ማለት?»

«መርዶ የቤተሰብ ነው። ዘመዶቿ መጥተው ይንገሯት። ከዚያ በኋላ ከጎኗ አልለይም፤ ሥራዬ የሚጀምረው ያኔ ነው። እርስዎ ግን ያቺን ክፍል አበላሹብኝ። ተማሪ የሚሸሻት አማካሪ ምን ታደርግልዎታለች?»

«ሥራሽ እኮ ነው!»

«ሥራዬ እዚህ አጠገቤ ተኝታለች» አልኩና ዘጋሁት። ማስጠንቀቂያ ይጻፉብኝ፣ ደንታዬም አይደል።

ቤዛ ለካ ስትሰማኝ ኖሯል። ሳትዞር፣ በቀስታ ተናገረች።

«ቲቸር... እማዬ የሞተች መስሎኝ እያለቀስኩ... ሁሉም ሲያቅፉኝ ደስ አለኝ። ኃጢአት ነው አይደል?»

እጇን ያዝኩ፤ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እናወራለን፣ «መርዶ ቤት» ሳይሆን እዚያው አልጋዋ ላይ። ይህንንም «ጻፊው» ያለችኝ ራሷ ናት።

ግን እስቲ ንገሩኝ... እዚህ አገር አንዲት ልጅ ለመታቀፍ የግድ እናቷ መሞት አለባት?