አንዴ ብቻ ተጠይቄ

ሐሙስ ኅዳር 14 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአማካሪዬ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠን ነበር፤ አማካሪዬ ፕሮፌሰሯ፣ አብሮኝ የሚማር የእርሳቸው አገር ወጣትና እኔ። የውኃ ሳይንስ ለመማር ከወሎ ባሕር ማዶ ወዳለው ወደዚያ ብርዳም ከተማ ከመጣሁ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። ጥናታችን በሁለት ሐይቆች ላይ ስለነበር፣ ማን የት እንደሚመደብ የሚወሰነው ያን ዕለት ነው። አንደኛው ሐይቅ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ያለው ነው፤ ብርዱ ሲጠና በረዶው እየተሰረሰረ ውኃ ይቀዳበታል። ሁለተኛው የእኔ ከተማ ሐይቅ ነው። ፕሮፌሰሯ መጀመሪያ ስሙን በጠየቁኝ ጊዜ «ሐይቅ» አልኋቸው። «በቋንቋችሁ እንዲህ ያለ ውኃ ምን ይባላል?» አሉኝ። «ሐይቅ።» «ከተማውስ?» «ሐይቅ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲያናግሩኝ ቃላቱን እየለዩ፣ ቀስ ብለው ሆነ።

ወደ ሐይቅ ለመመደብ የፈለግሁት ለምርምሩ ስል ብቻ ነው ብል ማንም አያምነኝም። እናቴ እዚያ ብቻዋን ናት፤ ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተጋርደዋል። የደሴው ሐኪም በቀዶ ሕክምና እንደሚገፍፍላት ነግሯት ነበር፤ እርሷ ግን «ልጄ አጠገቤ ሳትቆም ዓይኔን ማንም በብረት አይነካም» ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሐኪሙ ከየካቲት እንዳታሳልፍ አስጠንቅቋታል። እኔ ከቀረሁ እናቴ በቃሏ እንደምትጸና አውቃለሁ፤ ብርሃኗም አብሮ ይቀራል።

ፕሮፌሰሯ ወደ እኔ ዞሩ። «ሐይቅ ሄደሽ ዓመቱን እዚያ ብትሠሪ ትወጃለሽ?»

«አይ፣ ስለ እኔ አይጨነቁ፤ እዚህም ቢሆን ይበቃኛል» አልሁ።

«መልካም» አሉና ወደ ወጣቱ ዞሩ። እርሱ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ «አዎ!» አለ። ጉዳዩ ተዘጋ፤ ስለ በረዶ መሰርሰሪያው መወያየት ጀመርን።

ምን እንደ ተፈጠረ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለፕሮፌሰሯ ግን ያስፈልግ ነበር። እኛ ዘንድ፣ ከሐይቅ እስከ አምባሰል፣ የመጀመሪያው ግብዣ የሰላምታ ታናሽ ወንድም ነው። የመጀመሪያው «አይ» ተጋባዡ ሆዳም አለመሆኑን ያስታውቃል፤ ሁለተኛው ጋባዡ ከልቡ መሆኑን ይመረምራል፤ ከዚያ «በሞቴ» ወይም «አፈር ስሆን» ይመጣና ሁለቱም ወገኖች ክብራቸውን እንደ ጠበቁ ወደ ትሪው ይቀርባሉ። በዚህ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አይለያዩም። ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት እንኳ ሒሳቡን የከፈለ ደንበኛዋን «ኧረ አልበላህም» እያለች ትለምነዋለች። በመጀመሪያው ጥሪ እጁን የሚታጠብ ሰው ዓይነ ደረቅ ይባላል፤ በመጀመሪያው «አይ» ትሪውን የሚያነሣ ሰው ግን ስሙ ከዚህም ይከፋል።

ይህ ሥርዓት ባሕር እንደማይሻገር በሁለት ወር ውስጥ መረዳት ነበረብኝ። ማስረጃ አላጣሁም። በመጀመሪያው ሳምንት ይኸው ወጣት ዳቦውን ቆርሶ «ትበያለሽ?» ሲለኝ፣ ቁርስ ያልቀመስሁት እኔ «ጠግቤአለሁ» አልሁት፤ ስለ ጤንነቴ የተደሰተ መሰለኝ፣ ፊት ለፊቴ ጨረሰው። አከራዬ ተጨማሪ ብርድ ልብስ እፈልግ እንደሆነ ብትጠይቀኝ «ኧረ ሞቆኛል» ብዬ ካፖርቴን ለብሼ አደርሁ። ጠንቃቃ ተመራማሪ ነኝና፣ በሁለት ናሙና መደምደም አይገባም ብዬ ሦስተኛውን ጠበቅሁ። ሦስተኛው ይህ ሆነ።

ወደ ማታ ለእናቴ ደወልሁ። ሁሉን ሰምታ ስታበቃ፣

«ስንቴ ጠየቀችሽ?» አለችኝ።

«አንዴ።»

«አንዴ ብቻ? ሱብሐነላህ! ላም እንኳ ሁለት ሦስቴ ሳትዳበስ አትታለብም።»

«እዚህ እንዲህ ነው፣ እማ።»

«ልጁስ ወዲያው እሺ አለ?»

«ቃሏን እንኳ አላስጨረሳትም።»

«እናት የለውም?»

«አለችው።»

«ታዲያ ምን ስታስተምረው ኖረች!»

ከዚያ ድምጿን አለሳልሳ ቀጠለች። «አብሽሪ፤ ለእኔ ብለሽ አትምጪ። ዓይኔ ምን ሆነ ብለሽ ነው? ትናንት እንኳ መርፌ ክር አግብቻለሁ።»

«አንቺ ራስሽ?»

«ያገባችው ጎረቤቴ ናት፤ መርፌውን ግን የያዝሁት እኔ ነኝ።»

«ሐኪሙስ?»

«እሱን ተይው። ትምህርትሽን አታቋርጪ፤ አትምጪ አልሁሽ እኮ። ከመጣሽ ግን በጥር ይሁን፤ ሐኪሙ የካቲት ላይ ቀን እይዝልሻለሁ ብሏል። እኔ አልሄድም እንጂ።»

ሁለቴ «አትምጪ» ብላ፣ ወሩንም ቆርጣልኝ ስልኩን ዘጋች። ይህን ለመተርጎም ዲግሪ አላስፈለገኝም።

በማግሥቱ አርብ ጠዋት ፕሮፌሰሯን ቢሮአቸው በር ላይ ጠበቅኋቸው። ወጣቱም ስለ ጉዞው ለመጠየቅ መጥቶ ነበርና ተከታትለን ገባን። ቋንቋቸው «አንቺ»ንና «እርስዎ»ን ስለማይለይ፣ በልቤ «እርስዎ» እያልሁ፣ ያዘጋጀሁትን ተናገርሁ፦

«ትናንት አይ ያልሁት አዎ ለማለት ነው።»

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «አዎ ስትዪስ?»

«እሱም አንዳንድ ጊዜ አይ ለማለት ነው።»

«እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«ደግመው መጠየቅ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ቢሆን ደግ ነው።»

ከዚያ የእናቴን የዓይን ነገር በአጭሩ ነገርኋቸው። «ይህን ትናንት ለምን አልነገርሽንም?» አሉኝ፤ «አልጠየቃችሁኝማ» የሚለው መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እርሳቸውም ወጣቱን ቦታ ይለውጠኝ እንደሆነ ጠየቁት።

«አይ» አለ። «ይቅርታ፤ መሄድ እፈልጋለሁ።»

ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ውስጡም ውጪውም «አይ» የሆነ «አይ» በቅርብ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንደ ብርቅ ማዕድን ትኩር ብዬ አየሁት። ነገር ግን ካደግሁበት አገር ይዤው የመጣሁት ዘዴ አንድ ብቻ ነው።

«እባክህ» አልሁት።

«ስለ እናትሽ አዝናለሁ። ግን አይ።»

«አፈር ስሆን» አልሁት፣ ቃል በቃል ተርጉሜ።

«ምን ስትሆኚ?»

«አፈር።»

ወደ ፕሮፌሰሯ ተመለከተ፤ እርሳቸውም ወደ እርሱ። ኋላ እንደ ነገረኝ፣ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ የጠየቀው ሰው በዕድሜው አላጋጠመውም፤ ከሦስት በኋላ ምን እንደሚመጣም ስለማያውቅ ፈርቶ ነበር። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አሰበና፣ «ዓመቱን ለሁለት ብንከፍለውስ?» አለ።

«እሺ» አልሁ፣ አፉን ሳይዘጋ። ዓይነ ደረቅ መሆን ምንም አያምም።

ስለዚህ የተወሰነው ይህ ነው፦ ከጥር እስከ ሰኔ ሐይቅ የምሠራው እኔ ነኝ፤ በረዶውን የሚሰረስረው እርሱ ነው። ሐምሌ ሲገባ እንለዋወጣለን፤ እርሱ እናቴ ቤት ያርፋል፤ እኔ ወደ ቀለጠው ሐይቅ እመለሳለሁ። የየካቲቱን የቀዶ ሕክምና ቀን ከደሴው ሐኪም ጋር በዚያው ጠዋት በስልክ ቆረጥሁ። እናቴ አልተጠየቀችም።