ጋሽ ተክሌ ያሻሻሉት የሬስሊንግ ጌም

ሲያትል ውስጥ የቪዲዮ ጌም ፈታሽ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃችን ማርክ ኮንትሮለር አስያዘኝና አንዱን ታጋይ ከገመዱ በላይ ወደ ውጭ ስወረውር ዋልኩ። ስህተት ባገኘሁ ቁጥር የሪፖርት መዝገቡ ላይ እሞላለሁ፦ ምን እንዳደረግኩ፣ ምን እንደተፈጠረ፣ ስንቴ እንደተደጋገመ። ዘመዶቼ "ስትጫወት ይከፍሏታል" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እስኪ እነሱ አንዱን ውርወራ ሁለት መቶ ጊዜ ይሞክሩት።

አጠገቤ የሚሠሩት ጋሽ ተክሌ ነበሩ። ሁለታችንም ከምንኖርበት ከፌደራል ዌይ በአንድ መኪና እንመላለሳለን። ኦበርን የሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት ሳጥን ሲያነሱ ኖረው ጣቶቻቸው ደርቀዋል።

የድርጅታችን የቀድሞ የሬስሊንግ ጌሞች ትልቁ ጉድለት እዚያው ጣት ላይ ነበር። ታጋዩ በጀርባው ወድቆ፣ ዳኛው ሦስት ቆጥሮ ሳይጨርስ ለመነሳት ቁልፉን ቶሎ ቶሎ መደብደብ ነው። ጣቱ የፈጠነ ይነሳል፤ ታጋዩ ደከመ አልደከመ ለውጥ የለውም። ጋሽ ተክሌ ሁልጊዜ ይሸነፋሉ። ማርክም ቀርፋፋ ስለሆኑ ኮንትራታቸውን ማደሱን እንደሚጠራጠር ነግሮኛል።

አንድ ቀን መኪና ውስጥ መላውን ነገሩኝ።

"አንዴ ብቻ ነው ፕሬስ ማድረግ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ይሄዳል፣ ምልክት ያለበት ቦታ ሲደርስ ቁልፉን ትጫኚዋለሽ። ሰውዬው ከደከመ ቦታው ይጠባል። ትግል ሰዓቱን ማወቅ ነው እንጂ መንዘፍዘፍ አይደለም።"

መዝገቡ ላይ ላስገባው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የድሮውን አሠራር የነደፈው ራሱ ማርክ ነው፤ መዝገቡን ደግሞ ሁሉም ያነበዋል። ይሉኝታ ያዘኝ።

"ጋሼ፣ ማርክን ሰው ፊት ኤምባራስ ማድረግ፣ ማሳፈር ይሆናል። ለብቻው ቢነግሩት ይሻላል" አልኳቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ ለብቻው ወስደው፣ ወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዱት።

አዲሱ ጌም ልክ እንዳሉት ተሠራ። እውነት ለመናገር ከቀድሞዎቹ ጋር አይወዳደርም። የደከመ ታጋይ እንደ ደከመ ሰው ነው የሚነሳው። ጋሽ ተክሌም በእነዚያ ጣቶች ያሸንፉኝ ጀመር።

ስብሰባ ላይ ሁሉም ሲያደንቅ ማርክ ሐሳቡ ሻወር ሲወስድ እንደመጣለት አወራ። ደሜ ፈላ። ተነስቼ ሐሳቡ የጋሽ ተክሌ ነው አልኩ።

ማርክ አልተቆጣም። "ኦኬ፣ የሪፖርቱ ቁጥር ስንት ነው?" አለኝ።

ቁጥር የለም። ምሳ ሰዓት ላይ በወረቀት የተነገረው መዝገቡ ላይ አልገባም። የጋሽ ተክሌ ኮንትራትም ሲያልቅ ሳይታደስ ቀረ። በጌሙ መጨረሻ ላይ በሚያልፈው የሠራተኞች ስም ዝርዝር ውስጥ ማርክ አለ፣ እኔም አለሁ፤ እሳቸው የሉም።

እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሰረቀው ማርክ ነው፤ በሩን የከፈትኩለት ግን እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስደውል "ተዪው ልጄ። ሶ፣ ጌሙ ግን ጥሩ ሆነ አይደል?" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን አዲስ ፈታሾችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው ይህን ነው፦ የአለቃ ስህተትም ቢሆን መዝገቡ ላይ ጻፉ፤ ከሥሩ ስማችሁን አስገቡ።