ለፌንጣ ታዞ እናቷ የዋጠችው መድኃኒት

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ስፌቷ ላይ እንከን የሚያወጣ ገና አልተወለደም። ቀጠሮዋ ግን አይነሳ! “ነገ ነይ” ያለቻት ደንበኛ ሦስት ጊዜ ሳትመላለስ ቀሚሷን ለብሳ አታውቅም። እኔ ቁልፍና ዘርፍ ስለምሠራላት የደንበኛውን ሁሉ ቁጣ የምሸከመው እኔ ነኝ። “መተኮስ ብቻ ነው የቀረው፣ የኔ እመቤት” እላለሁ፤ ጨርቁ ገና አልተቆረጠም። ምን ላድርግ፣ የእናቴ ልጅ ናት።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፣ አምስት ዓመት ተኩል። ፌንጣ ነው የምንላት። መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መስኮት። ጫማሽን አምጪ ሲሏት አንዱን ይዛ ትመጣለች፤ ሌላኛው የት እንደቀረ እሷም አታውቅም። አንድ ቀን የአንዲት ነርስ ነጭ ጋዋን ከእጄ ነጥቃ ለብሳ መንገድ ለመንገድ ሮጠች። መቀስ እንደያዝኩ ከኋላዋ ስሮጥ ያየኝ ሰው ምን እንዳሰበ አልጠየቅሁም። ክፋት እኮ የላትም፤ ጎረቤቱን ሁሉ ስትስም ነው የምትውለው።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው የመዋዕለ ሕፃናቷ ዳይሬክተር እህቴን አስጠርታ “ከእሷ ጋር ሌሎቹም መማር አልቻሉም” ያለቻት ቀን ነው። “ሐኪም ያሳዩዋት። ከሦስት ወር በኋላ እናያታለን፤ እንዲህ ከቀጠለች ግን አንደኛ ክፍል አንቀበላትም።” ከቤታችን በእግር የሚደረስ ሌላ ትምህርት ቤት የለም። እህቴ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

ወሬው ሱቃችን ውስጥ ሲሰማ ደንበኛው ሁሉ ሐኪም ሆነ። “ስኳር ከልክያት” አለች አንዷ። ከለከለቻት፤ ፌንጣ ያለ ስኳርም ዘለለች። “ቁጣ ነው የጎደላት” አለች ሌላዋ። ይኼን ስሰማ ቆሽቴ አረረ፤ በእኛ ቤት ቁጣ ጎድሎ አያውቅም!

በመጨረሻ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሟ አልቸኮለችም። የፌንጣን ጆሮ አስመረመረች፣ ስለ እንቅልፏ ጠየቀች፣ ለአስተማሪዋም የሚሞላ ወረቀት ላከች። በሁለተኛው ጊዜ እንዲህ አለች፦ “ኤዲኤችዲ ይባላል። ትኩረቷን መሰብሰብና ራሷን መግታት ከሌሎች ልጆች ይልቅ ያስቸግራታል። ባለጌ አይደለችም፤ እርስዎም አላበላሿትም።”

እህቴ እዚያው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የኔ ነው እያለች ውስጧን ስትበላ ኖራለች። አብሬያት እየዋልኩ አለማወቄ አሳፈረኝ።

እንባዋን ጠራርጋ “መድኃኒቱስ? ሽሮፕ ነው ኪኒን?” አለች።

“በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የምናዘው ለወላጅ ነው። ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ እርስዎና ባለቤትዎ ትሠለጥናላችሁ። ለአስተማሪዋም የምነግራት አለኝ። ከፍ ስትል ካስፈለጋት ኪኒንም አለ።”

በር ላይ ስንደርስ እህቴ እሳት ጎረሰች። “የምትዘለው ልጄ፣ የምታከመው እኔ! ሰምተሽ ታውቂያለሽ?” እኔም አብሬ ተንጨረጨርኩ፤ እውነቱን ለመናገር የሽሮፕ ብልቃጥ ጠብቄ ነበር። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ተናገረ። ማታ ነገሩን ስንነግረው “እንሄዳለን” አለ። ሄዱ።

ትምህርቱ ሲሰሙት ቀላል ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ማዘዝ፣ ያውም ቀርቦ፣ ዓይኗን እያዩ። ደግ ስትሠራ የሠራችውን ጠቅሶ እዚያው ማመስገን። ለእያንዳንዱ ደግ ሥራ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ ቁልፍ ይሰፋላታል፤ አምስት ሲሞላ ከወላጇ ጋር አሥር ደቂቃ የፈለገችውን ትጫወታለች። ቁልፍ እንደሆነ ሞልቶናል።

አባትየው ያቺን አሥር ቃሉን ጠቅላላ ለልጁ አዋላት። “ጫማሽን ቦታው አስቀመጥሽ። ጎበዝ!” ይላል፤ ፌንጣ ትሽከረከራለች። በሦስተኛው ሳምንት እሱ ሲጠራት ትመጣ ጀመር። እናቷ ስትጠራት ጆሮ ዳባ ልበስ! ቁልፍ እሰፋልሻለሁ ብትላት “አልፈልግም” ብላ ጨርቁን ጠረጴዛ ሥር ወረወረችው። እህቴ ሆዷ ባባ። “እኔን ጠልታኝ ነው። አልሄድም ከእንግዲህ” አለች። ከሦስቱ ወር ግማሹ አልቋል።

ጎትቼ ወሰድኳት። ሐኪሟ የሆነውን አንድ በአንድ አስነገረቻትና “አምስቱ ቁልፍ ሲሞላ መቼ ትጫወታላችሁ?” አለቻት።

“ነገ እላታለሁ። እጄ ላይ ሥራ አለ።”

“ነገስ?”

እኔ ራሴን መቆጣጠር አቅቶኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። “ዶክተር፣ ልጇን እኮ ደንበኛ አድርጋታለች!”

ሐኪሟም ፈገግ አለች። “ደንበኛ እየተናደደችም ትመለሳለች። የእርስዎ ልጅ ግን ሽልማቱ እዚያው ካልመጣላት ድካሟ ከንቱ ይመስላታል። ስላታለሏት ነው እንጂ ስለጠላችዎት አይደለም።”

እህቴ እስከ ቤት ድረስ ጥላኝ ቀድማ ሄደች። ሳቄ አናዷት ነው አልኩ፤ ለካ በራሷ ተናዳ ነው።

በማግስቱ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ ዙሪያዋን በስፒል ተወጥራ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች። ፌንጣ የወደቁትን ቁርጥራጭ ጨርቆች ለቅማ ቅርጫት ውስጥ ከተተች። አምስተኛዋ ቁልፍ! እህቴ ያን የተወረወረ ጨርቅ አንስታ ቁልፏን ሰፋችላት፣ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና “አሥር ደቂቃ ይታገሱኝ፣ የኔ እመቤት” ብላ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ሴትየዋ እንዳትቀመጥ ስፒል፣ እንዳትሄድ ስፒል። “ይቺ ሴት አመማት እንዴ?” አለችኝ። ከሥር የሁለቱ ሳቅ ሲመጣ ግን እሷም አንገቷን ሰበር አድርጋ ታይ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ፌንጣ ፌንጣነቷን አልተወችም፤ መስኮቱ ላይ ዛሬም ትወጣለች። ግን ስትጠራ ትመጣለች፣ ሁለቱንም ጫማ ታመጣለች። አስተማሪዋም በሐኪሟ ምክር ፊት ወንበር አስቀመጠቻት፣ ሥራዋን በትንሽ በትንሹ ትሰጣታለች፣ በመሀል ጠመኔ አምጪ እያለች ታላውሳታለች።

ሦስቱ ወር አለቀና ዳይሬክተሯ ጠራችን። “እኔ ከምነግራችሁ ራሳችሁ እዩ” ብላ ኮሪደሩ ላይ፣ የክፍሉ መስኮት ጋ አቆመችን።

አስተማሪዋ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ፌንጣ ብድግ ማለት ጀመረች፤ መልሳ ተቀመጠችና እጇን አወጣች። አስተማሪዋ ሌላ ልጅ ጠራች። ከዚያም ሌላ። የፌንጣ እጅ አልወረደም፤ ሲደክማት በሌላኛው እጇ ደገፈችው። እግሯ ወንበሩ ሥር ይሮጣል፣ እሷ ግን ቁጭ ብላለች። ሦስተኛ ልጅ ተጠራ። እህቴ ክንዴን ጨምቃ ልትሰብረው ነው።

“ኧረ መምህርት፣ እጇን አውጥታለች እኮ!” ብላ በመስኮቱ ጮኸች።

አስተማሪዋ ዞር ብላ “እናት፣ ተራ እንጠብቃለን” አለቻት፤ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ዳይሬክተሯ አፏን በእጇ ይዛ “ልጅቷንስ ተቀብያታለሁ” አለች፣ “እርስዎን ግን እንጃ።”

እህቴ አልሰማቻትም። ፊቷ በእንባ ርሶ “አየሻት? ጠበቀች። ልጄ ጠበቀች” ትላለች ደጋግማ። እኔም ሳቄና ልቅሶዬ ተደባለቀብኝ።

በመጨረሻ ተራዋ ደርሶ ፌንጣ ተጠራች። ቆማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ መለሰች። መልሱ ስህተት ነበር። እህቴ ግን አጨበጨበች።