ቀይ የተቀባው ማሳ

ሀዊ ልትፈታው የተነሳችው ችግር ቀላል ይመስል ነበር። በደራ ዙሪያ ያሉ የሽንኩርት ገበሬዎች ወይ ውሃ ያበዛሉ፣ ወይ ያሳንሳሉ። ሲበዛ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ሲያንስ ደግሞ የሽንኩርቱ ራስ አይሞላም። አባቷ ጉርሜሳ ወንጂ ሸንኮራ ሲያጠጣ የኖረ ሰው ነው። አፈር ዘግኖ ይጨምቅና "ገና ነው" ወይም "ይበቃዋል" ይላል። ሀዊ የአባቷን እጅ ለእያንዳንዱ ማሳ ማዳረስ ፈለገች።

ለዚህ የሠራችው መሣሪያ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ሁለት የብረት ጥርሶች አፈር ውስጥ ይገባሉ። እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክን የሚያስተናግደው እንደ ደረቁ አይደለም፤ መሣሪያው ይህን ልዩነት እየለካ በስልክ ኔትወርክ በየሰዓቱ ይልካል። ሀዊ አዳማ ቢሮዋ ተቀምጣ ደራ ያለ ማሳ ሲጠማ ታያለች! ቁጥር ለሚያስቸግራቸው ደግሞ ካርታ ሠራች፤ የጠገበ ማሳ አረንጓዴ፣ የተጠማ ቀይ።

የሚስጥር ቁጥር ልታደርግበት ስትል ገበሬዎቹ ሳቁባት።

"አንቺ ልጅ፣ የባንኩን ቁጥር እንኳ ባሌ ነው የሚያስታውስልኝ፤ ደግሞ የሽንኩርት ሚስጥር አመጣሽ?" አሉ እትዬ ዘውድነሽ።

"እርጥበት የሚሰርቅ ሌባ የት አለ?" አለ ሌላው።

እሷም ሳቀች። የየባለቤቱን ስም ጽፋ ካርታውን በመንደሩ የቴሌግራም ቡድን ለቀቀችው።

በዚያው በጋ የእትዬ ዘውድነሽ ባል፣ አቶ ተክለሃይማኖት፣ ሞቱ። እትዬ እስከ አርባው ከቤት አልወጡም። ጎረቤት በደቦ ሽንኩርቱን አጠጣ፤ የፓምፑ ጎማ ግን ላይኛው መደብ ድረስ አልደረሰም። መሣሪያው የተተከለው እዚያ ነበር፤ ቦታውን የመረጡት ሟቹ ራሳቸው ናቸው። አንድ መሣሪያ የሚያውቀው በጥርሶቹ ዙሪያ ያለውን ጭብጥ አፈር ብቻ ነው። የሀዊ ካርታ ግን ከዚያ ጭብጥ ተነስቶ ማሳውን በሙሉ ቀይ ቀባው፤ ሠላሳ ስምንት ቀን።

የሟቹ ወንድም ማስረሻ ይህን በስልኩ ሲያይ ከረመ። የየቀኑን ምስል አሳትሞ፣ ማሳው ለእኔ ይገባል ብሎ የመሬት ክርክር የሚያየው ኮሚቴ ፊት ዘረጋው።

"መሬቱ ጦም አድሯል። ይኸው፣ መሣሪያ ለዘመድ አያዳላም።"

እትዬ ዘውድነሽ ጎረቤቶቻቸውን ምስክር ቢጠሩም ወረቀቱ በለጠ። ይግባኙ እስኪታይ ማሳው ለማስረሻ ተሰጠ።

ሀዊ ሰምታ ስትሮጥ ደራ ደረሰች። እትዬ ዘውድነሽ መሣሪያውን አስነቅለው፣ ጭቃውን አጥበው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ጠበቋት።

"እንኳን መጣሽ። ውሰጂልኝ።"

"እትዬ፣ ካርታውን ዛሬውኑ እዘጋዋለሁ።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ ባሌን ሳለቅስ፣ ያንቺ ብረት ስለ እኔ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ከረመ።"

ሀዊ ጥቅሉን ተቀበለቻቸው።

ካርታው ያን ቀን ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስም የለበትም፤ አንድ መሣሪያ ቀለም የሚሰጠው ለቆመባት ነጥብ ብቻ ነው። የማንም ማሳ መረጃ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይከፈትም። ሀዊ ከቤት ቤት እየዞረች "ማን ይይልዎት? ማን አይይብዎት?" እያለች ትጠይቃለች፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረባት ይህን ነበር።

ለይግባኙም ደብዳቤ ጽፋለች። መሣሪያው የትኛው መደብ ላይ እንደቆመና ስለቀሩት መደቦች ምንም እንደማያውቅ ያስረዳል። ማስረጃው ግን የእትዬ ዘውድነሽ የራሳቸው መረጃ ነው፤ በአዲሱ ደንብ ያለ እሳቸው ፈቃድ ለዳኛም አይወጣም። እሳቸው ደግሞ ያ ወር ዳግመኛ በሰው ፊት እንዲዘረጋ አይፈልጉም።

ስለዚህ በየቅዳሜው ደራ ትወርዳለች። እትዬ ዘውድነሽ ያስቀምጧታል፤ ስለ አባቷ ጤና ይጠይቋታል፤ ደብዳቤውን አያነሱም። ባለፈው ቅዳሜ ፈቃዱን የሚፈርሙበት የጣት አሻራ ቀለም ይዛ ሄዳ ሳትከፍተው ተመለሰች። ይግባኙ ሊታይ ሁለት ቅዳሜ ቀርቶታል። ቀለሙ አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ነው።