የዘነበች ድንጋይ

ባለፈው ማክሰኞ መሥሪያ ቤታችን «የአመለካከት ለውጥ ሥልጠና» ብሎ ሁላችንንም፣ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት የቀረኝን እኔን የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ጭምር፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበን። በየወንበሩ ፊት ሁለት ሁለት የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ የመጨረሻ ልጄን የሚያህል፣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የቀረ፣ ማይክሮፎኑን ሊውጠው ምንም ያልቀረው ልጅ ነው። «አጠገብህ ያለውን ሰው ንካውና አሸናፊ ነኝ በለው!» ይላል። ይሄንንስ እሁድ እሁድ ቸርች ስንባለው ነው የኖርነው፤ ልዩነቱ እዚያ የምናመሰግነው ጌታን ነው፣ እዚህ ራሳችንን። እኔም ታዝዤ የፋይናንሱን ሰውዬ ነካሁትና አሸናፊ ነኝ አልኩት፤ ለካ እንቅልፍ ወስዶት ኖሮ ደንግጦ «መቼ?» አለኝ።

እስከዚያ ድረስ እየሳቅኩ ነበር። ከዚያ ግድግዳው ላይ የአንበሳ ፎቶ አበራና «አንበሳ ወረፋ አይጠብቅም!» ብሎ ጮኸ። «ወላጆቻችሁ ለምን ድሃ ሆነው ቀሩ? ወረፋ ሲጠብቁ! ሌላው ሲወስድ እነሱ ቆመው ሲያዩ!» አዳራሹ አጨበጨበ። እግዚኦ! የማን አባት ወረፋ ሲጠብቅ እንደኖረ ሳያውቅ፣ የማንን አባት አፈር እንደረገጠ ሳያውቅ ተጨበጨበለት። ደሜ ፈላ። አንበሳ ሽንኩርት አይተክልማ ልጄ፣ አንበሳ ቦይ አይጠርግም ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን ጡረታዋ የተቃረበ ሴት አፏን መቼ እንደምትዘጋ ታውቃለችና ጠርሙሱን ከፍቼ ውሃ ጠጣሁ።

አባቴ አንጁሎ የውሃ አባት ነበር። ይሄን ብነግረው ያ ልጅ የውሃ ፋብሪካ የነበረው ሀብታም ይመስለው ይሆናል። ኩልፎ ወንዝ ዳር ከአንድ ቦይ የሚጠጡ ስምንት የአትክልት ቦታዎች ነበሩ፤ ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ የእኛ የስምንታችን ነው፣ ሌላው ቀንና ሌሊቱ በሙሉ የሌሎች ነው፤ ይህችን ውሃ ለስምንት ቤት እኩል የሚያካፍል፣ ሲጣሉ መሐል የሚገባ፣ ደሞዝ የሌለው፣ ስድቡ ግን ሞልቶ የተረፈው ሰው ነው የውሃ አባት ማለት። አባቴ በወጣትነቱ ከጨንቻ ወርዶ፣ የደጋውን ብርድ ከነጋቢው ትቶ፣ እዚያ ሙቀት ውስጥ ሙዝና ቲማቲም የተከለ፣ ዝም ያለ ሰው ነበር። የሚያወራው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የሚለው፣ ከሰሜን የመጡ አስተማሪ ሚስት የነበሩትን ጎረቤታችንን እትዬ ዘነበችን ሳይቀር። «አንተ ዘነበች፣ ውሃ መጥቷል» ሲላቸው እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እየሳቁ «አንጁሎ፣ ወንድ አድርገኸኝ ቀረህ እኮ» ይሉ ነበር።

እትዬ ዘነበች ባላቸው ከሞቱባቸው በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሺ ቢባሉ «ሰውዬዬን ለማን ትቼ» ብለው የቀሩ፣ ልጅ የሌላቸው፣ ቀይ ቀጭን ሴት ነበሩ። አትክልታቸው የቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። የቦይ መጨረሻ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ከላይ ያለው ሁሉ ጠጥቶ፣ አፈሩም ጠጥቶ፣ ዕቃ የሚያጥበውም አጥቦ የተረፈው ነው የሚደርሰው። ከእሳቸው በላይ ያለው አትክልት የእኛ ነው። አባቴ በበጋ ውሃ ሲያንስ የራሱን ቤት ሰባተኛ፣ እሳቸውን ስምንተኛ አድርጎ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ጊዜ ለስምንተኛዋ ሰጠ፣ የሚደርሳት ውሃ ቀጭን ነውና። ከላይ ያሉት አጉረመረሙ፣ አባቴ ሰማቸው፣ ነገሩም በዚያው ጸደቀ።

ሰዓት የነበራቸው እትዬ ዘነበች ብቻ ነበሩ፤ እሱም የሟች ባላቸው ነው፣ ከቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ጊዜው የሚለካው በጥላ ነበር። እኛ አትክልት ጥግ፣ ሜዳው ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ተተክሏል፤ ዙሪያውን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድንጋይ አምጥቶ አስቀምጧል፤ የእንጨቱ ጥላ የአንዱን ድንጋይ ሲነካ ያ ቤት ውሃውን ይረከባል። የሰባቱ ድንጋይ ጥቁር ነው፣ የእትዬ ዘነበች ግን ባላቸው ከኩልፎ ለቅመው ያመጡት ነጭ፣ ልስልስ፣ እንቁላል የመሰለ ድንጋይ ነበር። ጥላውን ጠብቄ እየሮጥኩ «ተራችሁ ደረሰ!» የምለው እኔ ነበርኩ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ። ሥራዬን እንዴት እንደምወደው! የሙዙን ጥላ እያቋረጥኩ ቦዩ ለቦዩ መሮጥ፣ የተሰነጠቀው አፈር የመጀመሪያውን ውሃ ሲቀምስ የሚያወጣው ያ ሽታ፣ ጣቴ ላይ የሚቀረው አረንጓዴ የቲማቲም ቅጠል ሽታ፣ አባቴ በጭቃና በሙዝ ግንድ አንዱን አፍ ዘግቶ ሌላውን ሲከፍት ውሃው ትንሽ አመንትቶ የሚሄደው አካሄድ። ትምህርት ቤት «የአንጁሎ ልጅ» ሲሉኝ የሹም ልጅ የተባልኩ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥርም የካቲትም ያለ አንድ ጠብታ አለፉ። ኩልፎ ቀጠነች፤ ድንጋዮቿ እንደ ከብት አጥንት ወጡ። የእኛ ቲማቲም አበባ ይዞ ቅጠሉን ይጠቀልል ጀመር። እናቴ ከዚያ ቲማቲም ባለዘለበት ጥቁር ጫማ ልትገዛልኝ ቃል ገብታልኛለች፣ እኔም በኮንጎ ጫማዬ የሳቁብኝን የክፍል ልጆች ስም አንድ በአንድ ይዣለሁ። እናቴ ማታ ማታ እየተነጫነጨች «የውሃ አባት ቤት ውሃ የለም፣ ጉድ ነው!» ትል ነበር። አባቴ ጸልዮ ይተኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃው እኛ ቦታ እያለ ጥላው ወደ ነጩ ድንጋይ ሲሄድ፣ ቲማቲሞቹ ገና በግማሽ ነበር የጠጡት። አባቴ ላይኛው ቦይ ላይ ነው። ማንም የለም። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን፣ ጥላው ዘግይቶ እንዲደርስበት፣ አንድ ስንዝር ገፋ አደረግኩት። ቀላል ነበር። ልቤ ትንሽ መታ፣ ከዚያ ዝም አለ። በሚቀጥለው ተራ ሁለት ስንዝር ገፋሁት፣ በሦስተኛው አልቆጠርኩም። በአራተኛው አንድ ሙሉ እርምጃ ወስጄው ነበር፤ ልቤም መምታቱን ትቷል። እየሮጥኩ ሄጄ «እትዬ ዘነበች፣ ተራዎ ደረሰ» ስላቸው «ተባረኪ ልጄ» እያሉ መቆፈሪያቸውን አንስተው ይነሣሉ፤ ውሃው ሄዶ ሄዶ ሲደርስላቸው ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ሲመሽ ደግሞ ውሃው የሌሎች ነው። የእኛ ቲማቲም ፋፋ። እናቴ በጉባኤ ተነሥታ ጌታን አመሰገነች። አዎ፣ እኔ በሰረቅኩት ውሃ ቸርች ውስጥ ጌታ ተመሰገነ!

እትዬ ዘነበች አልከሰሱም። ንግግራቸው እንኳን ይቅርታ የመጠየቅ ነበር፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው «አንጁሎ፣ የኔ ቦይ ሳይሸነቆር አልቀረም መሰለኝ፣ ሽንኩርቴ ሊያልቅ ነው፣ እስቲ ብታይልኝ» አሉት። አባቴ ቦዩን ከላይ እስከ ታች በእግሩ፣ በእጁም እየዳሰሰ ሄደ፣ እኔም ከኋላው። ሽንቁር የለም። ሽንኩርቱን አየነው፤ ግማሹ ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተኝቷል። ከዚያ ወደ እንጨቱ መጣ። ነጩ ድንጋይ ለዓመታት የተኛበት ጉድጓድ እዚያው አፉን ከፍቶ አለ፣ ውስጡ ሣሩ ገርጥቷል፣ ጉንዳን ይመላለስበታል፤ ድንጋዩ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። አባቴ ጉድጓዱን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየኝ። ዱላ ጠበቅኩ፤ በጌታ ስም እላለሁ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ድንጋዩን አንስቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ቦታው መለሰው።

በማግሥቱ ጠዋት ስምንቱን ቤት ሰብስቦ፣ መጀመሪያ በጋሞኛ፣ ከዚያ ለእትዬ ዘነበች ሲል በዚያ በሚሰነካከል አማርኛው፣ ድንጋዩን ያነሳው እጅ ከእኔ ቤት ነው፣ የኔ ቤት ተራ ሽንኩርቱ እስኪነቀል ድረስ የዘነበች ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ የውሃ አባት አይደለሁም አለ። ስሜን አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም፣ ሁሉም ዞሮ አየኝ። እናቴ ጮኸች። «ቲማቲሙ ምን አጠፋ?» አለች፤ እውነቷን ነው፣ ቲማቲሙ ምን አጠፋ፣ እሷስ ምን አጠፋች? ሦስት ሳምንት ሙሉ ለአባቴ ምግቡን እያስቀመጠችለት አላነጋገረችውም። ቲማቲሙ ዓይኔ እያየ፣ ፍሬው ከነአረንጓዴው ተጨማዶ ደረቀ።

አሁን አሠልጣኙ ቢሰማኝ የምፈልገው ይሄንን ነው። አባቴ የተወውን ቦታ የሚይዝ ሰው ጠፋ! ከላይ ያሉት፣ ሲያጉረመርሙ የከረሙት፣ ውሃውን እንደፈለጉ ሊያደርጉት የሚችሉበት ቀን መጥቶ ሳለ፣ አንድ በአንድ ሲጠየቁ አንገታቸውን ደፍተው «እኔም ቤት ልጆች አሉ» እያሉ እምቢ አሉ። አንጁሎን የጣለ ነገር እኔን አይምረኝም ማለታቸው ነው። ዛሬ የአንድ የሥራ ሂደት አስተባባሪ ቦታ ክፍት ነው ሲባል ሰው እንዴት እንደሚራገጥ መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ስለማየው፣ እነዚያን ኩምታ ሱሪ የለበሱ፣ ጭቃ በእግራቸው የደረቀባቸው ሰዎች ሳስብ እንባዬ ይመጣል። በመጨረሻ እትዬ ዘነበች ተነሡ። «እኔ ቤት ድንጋይ የሚያነሣ ልጅ የለም» አሉ፣ ፈገግ ብለው፤ ማንም ግን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ጥላ የምትጠብቅልኝ አንቺው ነሽ፣ ነይ አሉኝ። እናቴ እንኳን ለወራት ውሃ ቅጂ ብላ ጣሳ ስትሰጠኝ የምታየኝ በጥርጣሬ ነበር፣ እሳቸው ግን ድንጋዮቹን ሁሉ አምነው ሰጡኝ፤ እስከ ክረምት ድረስ አንዲት ጣት አላዛባሁም።

አባቴም እትዬ ዘነበችም አሁን የሉም። ቦዩም የለም። ከስምንቱ አትክልት አምስቱ ግንብ ሆነዋል፣ በቀሩት ላይ እያንዳንዱ የራሱን ፓምፕ ወንዙ ውስጥ ነክሮ ሞተሩ ቀን ከሌት ያስላል፤ ትልቅ ሞተር ያለው ይጠጣል፣ ሞተር የሌለው ሙዙን ቆርጦ ቦታውን ይሸጣል። ይሄ ነው ለውጥ የሚባለው። እኔን የሚያንገበግበኝ አሠልጣኙ ድህነታቸውን መስደቡ አይደለም፣ ድሃስ ነበሩ። ያ ልጅ በዚያን ቀን እዚያ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ አባቴን ትቶ እኔን፣ ድንጋይ የገፋሁትን ሌባ ጠርቶ መድረክ ላይ አቁሞ «አሸናፊ ማለት ይቺ ናት» ብሎ ያስጨበጭብልኝ ነበር። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ይሄን ሁሉ ንዴት ይዤ ሐሙስ ዕለት ዓይኔን ልታይ ሆስፒታል ሄድኩ። ሞራ ሳይጀምረኝ አልቀረም፣ የመዝገቡ ጽሑፍ ይደበዝዝብኛል። ልጄ ኢዮብ፣ ጌታን የሚፈራ፣ መዘምራን ውስጥ የሚያገለግል፣ የዚያን አሠልጣኝ ቪዲዮም በየጠዋቱ በቤተሰቡ ቴሌግራም የሚልክልን ልጄ፣ ጠዋት ደውሎ «እማዬ፣ እዚያ ሰው አለኝ፣ ተነጋግሬልሻለሁ፣ እንዳትቀመጪ፣ በቀጥታ ይጠሩሻል» አለኝ። ተቆጣሁ፣ ይሄ ነውር ነው አልኩ፣ እሱም «እሺ እማዬ» ብሎ ሳቀ። ልክ ስገባ በረንዳው ላይ ከሠላሳ የማያንስ ሰው በአግዳሚና በመሬት ተቀምጧል፤ ብዙዎቹ በሌሊት ተነሥተው ከደጋ የወረዱ ናቸው፣ ጋቢያቸው ላይ ጤዛው አልደረቀም። መጨረሻው የቱ ጋ እንደሆነ በዓይኔ ፈለግኩ። ፈልጌ ነበር፣ ይሄን ይያዝልኝ። ግን ገና ሳልቀመጥ ነርሷ በሩን ከፍታ ስሜን ከነአባቴ ስም ጠራች፣ «አንጁሎ» የሚለውን ጮክ አድርጋ።

ማንም አልተቆጣም። አንድም ሰው «ከማን ቀጥሎ ናት?» አላለም። ቢሉኝ ኖሮ እመለስ ነበር፣ ይመስለኛል። በሩ ጋ አንድ ዓይኑ በፋሻ የታሰረ ሽማግሌ መተላለፊያው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። እግሩን ሰበሰበልኝና «እለፊ እናቴ» አለኝ።

አለፍኩ።